አቤት ያልሁበት ስም

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማኅሌት፤

እንደምን ሰንብተሻል? ክረምቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ ግራ ዓይኔ ላይ ከወረደው ሞራ በቀር እኔ ደኅና ነኝ። ሐይቁም ሞልቶ ሞልቶ አሁን ረግቷል።

ስልክ ለሰላምታ፣ ደብዳቤ ለነገር የሚለው ደንቤ እንደጸና ነው። ይህን በእጄ ጽፌ ለጎረቤታችን ለኪዲ እሰጣታለሁ፤ እሷ በስልኳ አንሥታ ኪጋሊ ድረስ ትልክልሻለች። ያንቺም ሲመጣ መሥሪያ ቤቷ አትማ ታመጣልኛለች። ከብራና ወደ ወረቀት ስንወርድ ያዘኑት አባቶች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ኪዲ አሁን የምትሠራው አዲስ በተከፈተው የአገልግሎት ማዕከል ነው። የመሬቱ፣ የልደቱ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የመታወቂያው ጉዳይ ባንድ አዳራሽ ተሰብስቧል። ድሮ «ፋይልዎ ጠፍቷል» ይሉን ነበር፤ አሁን «ሲስተም የለም» ይሉናል። ሲስተም ያለ ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ወር ያመላልሰን የነበረው ጉዳይ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ዐሥሩ መዝሙር፣ ሳይደገም ያልቃል። ዓሣ ሻጮቹም ሒሳባቸውን በስልክ ሆኗል የሚቀበሉት። ሙዳየ ምጽዋታችን ላይ ሳይቀር ጥቁርና ነጭ የተነጠበበት ወረቀት ተለጥፎ ሰው ስልኩን እየደቀነ ይመጸውታል። ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ ለሚለው ቃል ይመቻል ብዬ ካህናቱን አሳቅኋቸው።

ከሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። በአዳራሹ ጣራ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለዋል። ድምፁ የሴት ነው፣ ሴትዮዋ ግን የለችም። የባለጉዳዩን ስም ከነአባቱ ትጠራለች፣ አስከትላ የመስኮቱን ቁጥር። አታጣድፍም፤ ሦስት ጊዜ ትጠራለች። ስትጠራ አዳራሹ በሙሉ ዝም ይላል። በቅዳሴ የሙታን ስም ሲነሣ ያለውን ዝምታ ታውቂው የለ።

ለአዲሱ መታወቂያ እኔም ተመዝግቤአለሁ። አሥሩንም ጣቴን ሰጥቻለሁ።

የደሴቶቹ ቅዱሳን ጸሎት አይለይሽ።

አባትሽ

———

ኪጋሊ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመርጌታ ወልደ ሐዋርያት፤

ጉልበትዎን እየሳምኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሆስፒታሉም፣ የደም ምርመራውም እንደ ወትሮው ነው።

አባቴ፣ ይህን ለመጻፍ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ወንድሜ አምባቸው ጀልባውን ይዞ ወጥቶ ከቀረ ኅዳር 11 ስድስት ዓመት ይሞላዋል። ጀልባው ባዶውን ደንገል ውስጥ ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም፣ አስከሬን ሳይኖር ፍትሐቱ ተደረገ። ይህን ሁሉ ለእርስዎ መንገር የለብኝም። የምነግርዎ ግን አንዱንም እንዳልረሳሁ እንዲያውቁልኝ ነው፤ ያበድኩ እንዳይመስልዎ።

መልእክት ደርሶኛል። እንዲህ ይላል፦ «የተከበሩ አምባቸው ወልደ ሐዋርያት ገድሉ፣ የዲጂታል መታወቂያ ምዝገባዎ ተጠናቋል።» ቀኑ መስከረም 27 ነው። እንዴት እኔ ጋ እንደደረሰ አሁን አይጠይቁኝ።

ይህ ምዝገባ ያለ ጣት አሻራ አይሆንም። የሞተ ሰው ጣት አይሰጥም። ምናልባት ነፋሱ ወደ ሰሜን ገፍቶት እንፍራንዝ አካባቢ ወጥቶ ይሆን? አእምሮው ተነክቶ ሰው ቤት ተጠግቶ ኖሮ አሁን ስሙ ትዝ ብሎት ይሆን? ኪዲን ይጠይቁልኝ። መዝገቡ ላይ ፎቶ አለ። ፎቶውን ትየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

መልስዎን ቶሎ።

ልጅዎ ማኅሌት

———

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማኅሌት፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አለፈው። ታምሜ ነው ብልሽ ውሸት ነው፤ ደኅና ነበርሁ ብልሽም ሌላ ውሸት ነው።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፦ የሰው ፎቶ ከመዝገብ አውጥቶ ማሳየት ክልክል ነው ይላሉ። ኪዲን አላስቸገርኋትም። ስምም ይገጣጠማል፤ በዚህ አገር ስንት አምባቸው አለ።

ይልቅ እኔን ያገኘኝን ስሚ። በየወሩ በ12፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዓባይ ማዶ ከመልካሙ ሱቅ ጎራ ብዬ የአምባቸውን ቁጥር አስደውላለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ድልድዩን ተሻግሬ የምሄደውም የሹም አቦ ሰው እንዳይታዘበኝ ነው። ስልኩ በኪሱ እንዳለ አብሮት እንደሰጠመ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አስደውላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ የምትመልስልኝ ያችው አንድ ሴት ናት። «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ጥሪ መቀበል አይችሉም» ትላለች። ለጊዜው ትላለች። ካህናቱ ፈትተውታል፣ እኔም አብሬ ቆሜ ፈትቼዋለሁ፤ ለጊዜው ነው የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ያችን ቃል ሰምቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ኅዳር 12 እንደ ልማዴ አስደወልሁ። ጠራ።

ማኅሌት፣ ጠራ። አምስት ጊዜ ሲጠራ ቆጠርሁ። ከዚያ ስልኩን ለመልካሙ ጠረጴዛው ላይ ጣልሁለትና ወጣሁ። ድልድዩ መካከል ስደርስ ነው እግሬ ያለበትን ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ ሳላርማቸው አልፋለሁ።

አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከሐይቅ ሥር ስልክ ይጠራል?

አባትሽ

———

ኪጋሊ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ ሳልተኛ ነው የምጽፈው። በእግዚአብሔር ስም አይፍሩ። የጠራው እኔ ጋ ነው።

ስልኩ አልሰጠመም። ያን ዕለት አምባቸው እኔ ክፍል ቻርጅ ላይ ትቶት ነው የሄደው። ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ተሰብሮ ስለነበር ከሱ ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ስጫወትበት አደርኩ። ጠዋት «ምንም አይደል፣ ማታ እመለሳለሁ» አለኝና ወጣ። ስልክ ይዞ ቢሆን ደውሎ ሰው ይደርስለት ነበር። ይህን ለእርስዎ መናገር ስላልቻልኩ ስልኩን ደበቅሁት፣ ወደዚህም ስመጣ ይዤው መጣሁ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ በየወሩ ከፍቼ ካርድ እሞላለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። ያ መልእክት የገባው እሱ ላይ ነው። ካነበብኩት ወዲህ ዘግቼው አላውቅም፤ ይደውልልኛል ብዬ።

ኅዳር 12 ደወለ። እጄ ላይ የሰው ደም ነበር፤ ጓንቴን አውልቄ ሳልደርስ ተቋረጠ። ቁጥሩ የባሕር ዳር ነው። መልሼ ስደውል አንድ ሰው «የሱቅ ስልክ ነው፣ ያስደወለው ሰውዬ ሄደ» አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያስደወለው ሰውዬ። ለካ እርስዎ ነበሩ።

ጥሪውስ ተፈታ። ምዝገባው ግን አልተፈታም። አምባቸው ብዙ ነው አሉኝ። አባቱ ወልደ ሐዋርያት፣ አያቱ ገድሉ የሆነ፣ ይህን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ስንት አምባቸው አለ? ቁጥሩን የሰጠ ሕያው ሰው አለ፣ አባቴ። ጣቱን የሰጠ አለ።

ቆርጫለሁ። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ አላድሰውም። መጥቼ ከእንፍራንዝ ጀምሬ በየዳርቻው እፈልገዋለሁ። ፎቶውን አባዝቼአለሁ።

ልጅዎ ማኅሌት

———

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማኅሌት፤

ይህ ደብዳቤ በፎቶ አይመጣም። ኮሌጅ የሚያስተምረው ጥዑመ ልሳን ለሥልጠና ወደ ኪጋሊ ሊሄድ ነው ሲሉኝ በእጁ ላደርገው ወሰንሁ። በኪዲ ስልክ ቢያልፍ እንጀራዋን ያሳጣታል፤ ጥፋቱ ደግሞ የኔ የብቻዬ ነው።

ሥራሽን አትልቀቂ። እንፍራንዝም አትሂጂ። የተመዘገበው ወንድምሽ አይደለም። ጣቶቹ የኔ ናቸው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ሁለት መታወቂያ እይዛለሁ፣ የኔንና የሱን። የሱ በመታሸት ብዛት ፎቶው ጠፍቷል፤ ዓይኔን ደግሞ ታውቂዋለሽ። መስከረም 27 መዝጋቢዋ «መታወቂያ» ስትለኝ አንዱን አውጥቼ ሰጠኋት። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፣ በመስቀል ምዬ እነግርሻለሁ። ልጅቷ መብራቱ ሳይጠፋ ልጨርስ ብላ አቀርቅራ ትገለብጣለች። ቀና ብትል ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው የሚል፣ ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ ታይ ነበር። ጽፋ ጨረሰችና እንዳቀረቀረች «አምባቸው» አለች።

«አቤት» አልሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሕተት አይደለም። ጣትዎን ስትለኝ ሰጠሁ። ስልክ ስትለኝ በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱን ነገርኋት። አንቺ እጅ ላይ እንደሚወድቅ በምን አውቄ።

ክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው፤ በየቅዳሴው እኔው አነሣዋለሁ። እግዚአብሔር ዘንድ የሚታወቀው በዚያ ነው፣ በሱ አልተቸገርሁም። አምባቸው ግን እናትሽ ያወጣችለት ስም ነው። እሷ ከሱ በፊት ሄደች። ከፍትሐቱ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔ ፊት ያን ስም ፈራው። «ያ ልጅ» ይሉታል፣ «ነፍሱን ይማረውና» ይሉታል። አንቺም በስልክ «እሱ» ነው የምትዪው። ስድስት ዓመት ሙሉ አምባቸው ብሎ የተጣራ ሰው በጆሮዬ አልሰማሁም።

ካርዱን ልወስድ የሄድሁ ዕለት ያቺ የጣራዋ ሴት «አምባቸው ወልደ ሐዋርያት፣ መስኮት ሦስት» አለች። የሱ ስም ከፊት፣ የኔ ከኋላ ተከትሎ። አልተነሣሁም። ሦስቱንም ጥሪ ቁጭ ብዬ ሰማሁና ከዚያ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሲብስብኝ ሁለት ቀን፣ ጉዳይ ሳይኖረኝ ወረፋ እይዛለሁ። መስኮት ሦስት የኪዲ ነው። «ዛሬስ ምን ልርዳዎት አባባ?» ትለኛለች። «ረሳሁት» እላታለሁ። ታውቃለች። አንድ ቀንም አላሳፈረችኝም።

የባሰውንም ልናገር። እኔ ስሞት የሞት ወረቀቱ በሱ ስም ይወጣል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ቀኑ ይጻፍለታል፣ መቃብር ይኖረዋል። እኔን ቤተ ክርስቲያን ስሜን ታውቀዋለች፤ አንድ ሬሳ ለሁለታችን ይበቃል አልሁ።

ባትሪውን ከልብሽ አውጪው። የበዓሉን ጧፍና ዘቢብ ይዘህ ወደ ደሴቱ ተሻገር ያልሁት እኔ ነኝ። «ነፋስ አለ አባባ፣ ነገ በማለዳ ልሂድ» ብሎኝ ነበር። «ሚካኤል ነገን አይጠብቅም» አልሁት። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። ላንቺ ዛሬ ነገርሁሽ።

አባትሽ

———

ኪጋሊ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? መምህሩ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩብዎ። አባት አይቆጡትም፣ ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ተናድጃለሁ። ወንድሜ አራት ወር ሙሉ በሕይወት ነበረ። ሸሚዝ ገዝቼለት ነበር። ስድስት ዓመት ሰውን ያከሳል ወይስ ያወፍራል ብዬ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳሰላ፣ ባለሱቋ «ለማን ነው?» ስትለኝ «ለወንድሜ» አልኳት። አሁን ሁለተኛ ቀበርኩት።

ውሌን ፈርሜአለሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ማዕከሉ ይሂዱና እውነቱን ይናገሩ። እርስዎ እኮ በመዝገቡ የሉም። ዓይንዎ ሊከፈት ቢሄዱ ሐኪሙ የሚያገኘው የጎልማሳ ፋይል ነው። አንድ ሬሳ ለሁለታችን ይበቃል አሉኝ። ለእኔስ? እኔ የምቀብረው አባት አለኝ፤ ቀኑ ሲደርስ በስሙ ነው የምቀብረው። አምባቸውን መቃብር እነሳዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ሐይቁ ነው የነሳው።

ስለ ነፋሱ የነገሩኝን ለማንም አልናገርም። ባትሪውን ከልቤ ለማውጣት እሞክራለሁ፤ እርስዎም ይሞክሩ።

ስልኩን አልዘጋውም። ከእንግዲህ በ12 ሲደውሉ እኔ አነሣዋለሁ። ስሙ እንዲጠራ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሁለታችን እንጠራዋለን። አምባቸው። ይኸው ጻፍኩት።

ልጅዎ ማኅሌት

———

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማኅሌት፤

ጾሙን የጀመርሽበት ሰላም ይዞሽ ይዝለቅ። ይህን ኪዲ ራሷ አንሥታ ትልክልሻለች፤ ከእንግዲህ የምንደብቃት የለንም።

ሰኞ ሄድሁ። የማዕከሉ ኃላፊ የብርጓል የምትባል ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኋት፤ ኪዲን አላነሣኋትም። ትቀጣኛለች ብዬ ጋቢዬን ይዤ ነበር የሄድሁት፣ እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ማመልከቻ በእጅዎ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ጻፍሁ።

መዝገቡን የዘጋችው ኪዲ ናት። አሥሩን ጣቴን መልሼ ጫንሁ። ማሽኑ አምባቸው የሞተበትን ቀን ጠየቀ፤ ኅዳር 11 ቀን 2011 አልሁ። የተቀበረበትን ቦታ ጠየቀ። «ጣና ብለሽ ጻፊ» አልኋት። ፈለገች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ተመለሰች። «ከሚመረጡት ውስጥ የለም አባባ» አለችኝ። «ያልታወቀ» የሚለውን ነካችው። እኔ እኮ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ።

ከዚያ በራሴ ስም እስክጠራ ተቀመጡ ተባልሁ። ተቀመጥሁ። ያቺ ሴት ሰው ትጠራለች፣ ሰው ይነሣል። «ወልደ ሐዋርያት ገድሉ፣ መስኮት ሦስት» አለች። ዝም አልሁ። ደገመች፣ ዝም አልሁ። ስሜን ሰምቼዋለሁ፤ ግን ከፊቱ ሌላ ስም እስኪመጣ ነው የምጠብቀው። በሦስተኛው ኪዲ ከመስኮቷ ወጥታ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። «አባባ፣ እርስዎን እኮ ነው» አለችኝ። አቤት ማለት አቃተኝ፤ ተነሥቼ ተከተልኋት።

አሁን በመዝገቡ አለሁ። ዓይኔንም ከፋሲካ በኋላ ቀጥረውልኛል። ሸሚዙን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው፤ ስትመጪ ይዘሽው ነዪ፣ ለኔ ይሆናል። ክሳትና ውፍረት አታስቢ።

ከነገ ወዲያ 12 ነው። አነሣዋለሁ ያልሽኝን ብዙ አሰብሁበት። ባርኬሻለሁ፤ ነገር ግን ካነሣሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ሳይነሣ ግን ማን እንደሚያነሣው አይታወቅም። እኔ ከመልካሙ ሱቅ እደውላለሁ። አንቺ ስልኩን ክፈቺው፣ አጠገብሽ አስቀምጪው። አታንሺው ልጄ። ዝም ብሎ ይጥራ።

አባትሽ
ወልደ ሐዋርያት ገድሉ